ሲኤምሲ ወይስ አያት?

ባለፈው ቅዳሜ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ ወንበር እየደራረብን ሳለ፣ በመጪው ጥር ሊያገባ የተዘጋጀ አንድ ወንድም ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ ሰሚት ይሻላል ወይስ ጎሮ?» አለኝ። ቤት ሊከራይ ነው። ከሁለቱም ሰፈር አንዳንድ ቤት አግኝቷል፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ ደላላው ደግሞ «ከሰኞ በላይ አልጠብቅህም» ብሎታል። እኔም አስተማሪ የሚለውን አልኩት፤ «በጸሎት አስቡበት።» አመስግኖኝ ሄደ።

ወንበሮቹን አስገብቼ ወደ ቤት ስሄድ ግን ነገሩ ከነከነኝ። መልሱ ስሕተት ስለሆነ አይደለም። እኔ ራሴ ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ምርጫ ሲገጥመኝ «ጸልዬበታለሁ» በምትለው ቃል ምን እንደሸፈንኩባት ስለማውቅ ነው። ለእርሱ ያልነገርኩትን እስቲ ለእናንተ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ ዛሬ ባይሆን ነገ ከደላላ ኋላ ኋላ ሰፈር ለሰፈር መዞራችሁ አይቀርም።

ጉርድ ሾላ አካባቢ አምስት ዓመት ተከራይተን ኖረናል። አከራያችን መልካም ሰው ነበሩ። አንድ ማታ ቡና ጠርተውን፣ ልጃቸው ከውጭ ሊመለስ ስለሆነ ቤቱን እንደሚፈልጉት፣ ሁለት ወር ግን እንደሚታገሡን ነገሩን። ቅር የሚያሰኝ ነገር አልነበረውም። ባለቤቴ ያኔ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ትልቋ ልጃችን አራት ዓመቷ ነው። እናቴ ደግሞ በየዓመቱ ለጉልበቷ ሕክምና ከሆሳዕና እየመጣች ሁለትም ሦስትም ወር እኛ ዘንድ ትከርማለች። የምንፈልገው ቤት እንግዲህ እነዚህን ሁሉ የሚችል ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ደመወዝና ባለቤቴ በምታመጣው።

ሁለት ሳምንት ከዞርኩ በኋላ በእጄ የቀሩት ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ሲኤምሲ፣ አንዱ አያት። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ስትወጡ ጉርድ ሾላን አልፋችሁ ሲኤምሲ፣ ከዚያ መሪ፣ ከዚያ አያት ነው። በቀላል ባቡሩ በሲኤምሲና በአያት መካከል ያለችው ፌርማታ መሪ ብቻ ናት። ሰው ሲያወራ ብትሰሙት ግን በመካከላቸው አንድ አገር ያለ ይመስላችኋል። ሲኤምሲ ስሙን ያገኘው እዚያ ቤቶችን ከሠራው የጣሊያን ኩባንያ ምሕጻረ ቃል ነው። ዛሬ ኩባንያውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ስሙ ሲጠራ የሚታየን ሰፊ ግቢ፣ ዛፍና በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። አያትም ቪላዎች አሉት፤ እንደ እኔ ላለ ተከራይ ግን አያት ማለት ኮንዶሚኒየም ማለት ነው።

የሲኤምሲው ቤት ከአንድ ቪላ ጓሮ ያለ ሰርቪስ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ቀለሙ አዲስ፣ ሽንት ቤቱ ከውጭ። የአያቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ ሽንት ቤት ሁሉ ከውስጥ፤ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ። ሊፍት የለውም። ኪራያቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን እውነቱን ልናገር። የሲኤምሲውን የወደድኩት በቤቱ አልነበረም። አብረውኝ ኮሌጅ የተማሩት አብዛኞቹ ባንክ ገብተዋል፤ አንዳንዱ ቤትም መኪናም ገዝቷል። በሠርግ ወይም በለቅሶ ስንገናኝ «አሁን የት ነው የምትኖረው?» ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ «ሲኤምሲ» የምትል አንዲት ቃል እንዴት ያለች መልስ እንደሆነች ታውቃላችሁ። «ከፊት ነህ ከጓሮ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ቢሆን በግልጽ አልተናገርኩም። ለራሴ የነገርኩት ሰፈሩ ጸጥ ያለ መሆኑን፣ ለልጅ አስተዳደግ እንደሚመች፣ ለቤተ ክርስቲያንም እንደሚቀርብ ነው።

ቤቱን ያየሁት በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት የማያምር ሰፈር የለም። ወፍ ይጮኻል፤ ጓሮው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። የቤቱ እመቤት ትሑት ሴት ናቸው፤ «የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆንክማ ደስ ይለኛል የኔ ልጅ» አሉኝ። ደላላው በር ላይ ሆኖ በስልክ «ኧረ ሌላ ሰው አግኝተናል፣ ቆይ» እያለ ይጮኻል፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ እግዚአብሔር ይወቅ። እመቤቲቱ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ፈለጉ፤ ለምኜ ወደ ሦስት ወር አወረድኳቸው። እንደ ትልቅ ድል ቆጠርኩት። 5,000 ብር ቀብድ እዚያው ቆጥሬ ሰጠሁ።

(ይህ የሆነው አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት አከራይ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሆንም። የምትከራዩ ይህን ይዛችሁ ሂዱ። ደላላ አይነግራችሁም።)

ቤት ስገባ ባለቤቴ ምስር ትለቅማለች። «ቤት አግኝተናል፤ ሲኤምሲ ነው። ጸልዬበታለሁ፣ ሰላምም ተሰምቶኛል» አልኳት። ልብ በሉ፣ ቀብዱን ካስቀደምኩ በኋላ ነው ጸሎቱን ያነሣሁት። ጸልዬ ነበርን? አዎ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከቀብዱ በኋላ፣ «ጌታ ሆይ ባርከው» ብዬ ነበር።

እርሷ ምስሯን መልቀም አላቆመችም። ጥቂት ቆይታ፣ «ውሃው ማታ እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። አልጠየቅኩም። «ሽንት ቤቱ ከማን ጋር ነው?» ከቤት ሠራተኛቸውና ከዘበኛው ጋር መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። «እማዬ ሌሊት ሲጸልዩስ?»

ይህን ለመረዳት እናቴን ማወቅ አለባችሁ። እናቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሣለች። በልቧ መጸለይ አታውቅበትም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በሃዲይኛ ጀምራ ወደ አማርኛ ትሻገራለች፣ ታለቅሳለች፣ ትዘምራለች። የጉርድ ሾላ አከራያችን ለምደዋት ነበር። የሲኤምሲው ሰርቪስ መስኮት ግን ከእመቤቲቱ መኝታ ቤት መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ምናልባት አራት እርምጃ ነው።

እዚህ ላይ የሎጥን ነገር እንደማነሣ ገምታችሁ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ የት እንደምትኖር ከማን ጋር እንደምትኖር ይወስናል እያልኩ። በዚያ ምሽት ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሎጥ ሲመርጥ ቢያንስ ውሃ መኖሩን አይቷል። እኔ ያንንም አላየሁም።

ባለቤቴ አልተጣላችኝም። «እኔ አላየሁትም፤ ካየሁት በኋላ እንነጋገር» ብላ አበቃች። በማግሥቱ የሄደችው ግን እኔ በሄድኩበት ሰዓት አይደለም። ከሥራ እንደወጣች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል፣ ልጃችንን ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ለምን በማታ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እኔ እዚያ የምኖረው በማታ ነው» አለችኝ።

ሲኤምሲ በማታ ሌላ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ ዘበኛው ማን እንደሆንን ጠይቆ ገብቶ ነግሮ እስኪመለስ ውጭ ቆምን። እመቤቲቱ እንደ ቀኑ ሁሉ በትሕትና ተቀበሉን። ባለቤቴም በትሕትና ጠየቀቻቸው። በሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋል። የጓሮው ውሃ ማታ ፓምፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የመብራት ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ክፍያው በግማሽ ነው፤ የእንጀራ ምጣዱም ምድጃውም የሚበዛው እነርሱ ዘንድ ነው። ሣሩ ላይ ልጅ ባይሮጥ ይመርጣሉ። በመጨረሻ እርሳቸው ጠየቁን፤ «እንግዳ ይበዛባችኋል እንዴ?»

ረቡዕ ረቡዕ ማታ ቤታችን ኅብረት አለ። አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ሰው ይመጣል፤ ጊታርም አለ። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

እኚህ ሴት ክፉ አይደሉም፤ ይህን አደራ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ቤታቸው ነው። ከጓሮአቸው ሰው ሲያስገቡ ጸጥታቸውን ማስጠበቅ መብታቸው ነው። እኔ ግን ያን ጸጥታ ለእኛ የተዘጋጀ መስሎኝ ነበር። ለካ ጸጥታውን የምንከፍለው እኛ ነን።

ከዚያ ወደ አያት ሄድን። ሲመሽ ደረስን። ደረጃው ላይ መብራት የለም፤ በስልክ እያበራን ወጣን። ልጃችን መቁጠር የጀመረችበት ጊዜ ነበርና ደረጃውን ከእናቷ ጋር ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ከሃያ በኋላ ሲጠፋባት እናቷ ቀጠለች። 72 ደረጃ ነው። ባለቤቴ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ብረቱን ይዛ ተነፈሰች። እኔ ቤቱን ለማየት ቀድሜ ወጣሁ፤ ሰፊ ነው፤ ለመጻሕፍቴ የሚሆነውን ክፍል እንኳ በዓይኔ መርጬ ነበር። ስወርድ ባለቤቴ የለችም።

ያገኘኋት ምድር ቤት ነው። ከደረጃው ሥር በተደረደሩ ጀሪካኖች አጠገብ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ታወራለች። በየጀሪካኑ ላይ የቤት ቁጥር በማርከር ተጽፏል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደላላ ጋር ዞሬ ያላወቅሁትን እርሷ በግማሽ ሰዓት ዐወቀች። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፤ ያውም ከአምስት ሰዓት በኋላ። ግፊቱ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ያለ ሰው ይሸከማል ወይም ያሸክማል። የምሽት ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት እንዳለ፣ የትኛው መዋለ ሕፃናት ልጆችን እንደሚማታ፣ ክረምት የትኛው መግቢያ በጭቃ እንደሚዘጋ፣ ሁሉንም ነግረዋታል። ከሴቶቹ አንዷ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ነች። የባለቤቴን ሆድ አይታ፣ «እህቴ፣ እኔ የመጨረሻ ልጄን ሳረግዝ እናቴ ቤት ነው የሄድኩት። አትሞክሪው» አለቻት። ሌላዋ ደግሞ እዚያው ሕንጻ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለች ተከራይ በወሩ መጨረሻ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ መሆኑን፣ የባለቤቱንም ስልክ ሰጠቻት። ባለ አንድ መኝታ ነው። ደላላ የለበትም።

ወዲያው «ሃሌ ሉያ» ብዬ ተቀበልኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሦስት ቀን ተከራከርኩ። አንድ መኝታ ነው፤ እናቴ ስትመጣ ሳሎን ልትተኛ ነው፤ አራት ካርቶን መጻሕፍት የት ይገባሉ? 5,000 ብር ቀብድስ? ስለ ብሩ ብዙ ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ፣ «ብሩ ከሆነ ያሳሰበህ፣ እኔ ከዕቁቤ እመልስልሃለሁ። ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ እርሱን ንገረኝ» አለችኝ።

ሌላ ነገር ነበር። «ሲኤምሲ» ማለት ፈልጌ ነበር። ነገርኳት። እንደምትስቅ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። «እኔም የእህቴን ቤት ሳይ እንደዚያ ይሰማኛል» አለች። በትዳራችን ስለ ገንዘብ በእውነት ያወራነው ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ኪራይ ስንከፍል፣ በጀት ስናወጣ ኖረናል፤ ያ ግን ማውራት አይደለም።

ቀብዱ አልተመለሰም። እመቤቲቱን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር፤ በእኔ ምክንያት ሁለት ተከራይ እንደመለሱ ነገሩኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። ከባለቤቴ ዕቁብ ግን አልወሰድኩም። ይህ እንኳ ይመዝገብልኝ።

ከጉርድ ሾላው ወረዳ መሸኛ አውጥተን፣ ዕቃችንን በአንድ አይሱዙ ጭነን፣ አያት አንደኛ ፎቅ ገባን። አሁን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ገነት ነው አልላችሁም። ከመስኮታችን ሥር በወር ሁለት ጊዜ ድንኳን ይተከላል፤ አንዴ ለሠርግ አንዴ ለለቅሶ። የፍሳሽ መስመሩ ሲሞላ ሽታው መጀመሪያ የሚያገኘው የታችኞቹን ነው። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች ድረስ ብዙ ተብሎለት ነበር፤ ዛሬ ግን ፌርማታው ላይ ብዙ ስለምጠብቅ አብዛኛውን ቀን ታክሲ እይዛለሁ። አንድ ያላሰብኩት ነገር ግን አለ። ሲኤምሲ ለመገናኛ ስለሚቀርብ መንገዱ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግን ታክሲው ባዶውን የሚነሣው ከአያት ነው። ተሰልፌ፣ ተቀምጬ፣ መጽሐፌን ገልጬ እሄዳለሁ። ሲኤምሲ ስንደርስ ጫማቸው የተወለወለ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ያወጣሉ፤ እኛም ሞልተን እናልፋቸዋለን። አንዳንድ ቀን የማውቀው ሰው በመካከላቸው አያለሁ። ደስ አይለኝም ብል እዋሻለሁ።

ሁለተኛው ልጃችን እዚያ ተወለደ። መጻሕፍቴ ከአልጋ ሥር ናቸው። ረቡዕ ማታ ሳሎናችን ስለማይበቃ ወጣቶቹ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚወጣ የሚወርደው ጎረቤት «ይቅርታ» እያለ በመካከላቸው ያልፋል።

እናቴም ትመጣለች። 18 ደረጃ ናት፤ መሐል ላይ አንዴ ታርፋለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ሳሎን ላይ ተነሥታ እንደ ልማዷ ትጸልያለች። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን እንደሚያህል ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን መጥተው እስኪናገሩን ተሸማቅቄ ጠብቄ ነበር። በእምነት አንገናኝም። አንድ ጠዋት እውነትም የላይኛዋ ሴትዮ ደረጃ ላይ አስቆመችኝ። «ምነው እናትህ ትናንት ሌሊት ዝም አሉ? ደኅና አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። እናቴ ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበር። ማታ ሴትዮዋ አጥሚት አፍልታ ይዛላት ወረደች።

ወደ ወንድማችን ልመለስ። እሑድ ማታ ደወልኩለት። ስለ ሰሚትና ስለ ጎሮ ምንም አልጠየቅኩትም። «እጮኛህ ቤቶቹን አይታቸዋለች?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ፣ «ፎቶ ልኬላታለሁ» አለኝ።

«ቀብድስ ሰጥተሃል?»

«ገና ነኝ፤ ነገ ልሰጥ ነበር።»

ደላላውን እስከ ረቡዕ አቆይልኝ አልኩት። ማክሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከባለቤቴ ጋር ሆነን፣ አራታችን ሰሚት ፍየል ቤት ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ደወለ፤ ከእጮኛው ጋር ተነጋግሮ ነው። እርሷ መጀመሪያ ጎሮን ማየት ትፈልጋለች፤ ከሥራ ስትወጣ የምትይዘው ታክሲ በዚያ በኩል ነው፤ ይህን እርሱ ከእኔ ጋር እስኪያወራ አያውቅም ነበር። ከጎሮ እንጀምር አልኩት። ባለቤቴ ደግሞ ከማድ ቤት ሆና፣ «ጀሪካን ያለበት ደረጃ ካለ እኔን እዚያ ተዉኝ በለው» ትላለች።